ወንዙን ያልተሻገረችው ልጅ

ጣሊያኖች ሸዋ ሮቢትን ቤት ለቤት መፈተሽ በጀመሩበት ቀትር አስካለ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ታነባለች። ጣሊያኖች የተማረ ሰው እያሳደዱ ስለሚገድሉ፣ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረችው አስካለ ከአዲስ አበባ ሸሽታ የእናቷ ወዳጅ እትዬ ጣይባ ቤት ተደብቃለች። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እጇ ላይ ቢገኝ ሁለቱንም ያስገድላል።

«አቃጥዪው ብያለሁ። ወላሂ ታስጨርሽኛለሽ» አሉ እትዬ ጣይባ፣ ጥጥ እየፈተሉ።

«እያቃጠልኩት ነው፣ እትዬ።»

እውነቷን ነው፤ አንብባ የጨረሰችውን ገጽ እየገነጠለች እሳት ውስጥ ትጨምራለች። ልቧ ግን አላርፍ ብሏል፤ ጆሮዋ ደጅ፣ ዓይኗ መስመሩ ላይ ነው። ያነበበችውንም ለእትዬ ጣይባ ስትተርክላቸው ቆይታለች፦ በጥንቱ የስኮትላንድ ዘመን የአንድ ጎሳ አለቃ ልጅ የአባቷን ደመኛ ወዳ፣ በጭጋግ ተሸፍና ከግንቡ ሸሽታለች።

እንዝርቱ ቆመ። «አመለጠች?»

«ገና ናት። ወንዙ ሞልቶባታል።»

ከጎረቤት በር ሲሰበር ተሰማ። እትዬ ጣይባ ብድግ ብለው የቀሩትን ገጾች ነጠቁና እሳቱ ላይ ጣሏቸው። አስካለ እጇን ወደ ነበልባሉ ስትሰድ ያዟት።

«አገባት? አላገባትም? አሁን እንዴት ብዬ ነው የምተኛው?» አለች አስካለ።

«ሽማግሌ ልኮ፣ ደም አድርቆ ወስዷታል» አሉ እትዬ ጣይባ፣ አመዱን በእንጨት እየበተኑ።

«እነሱ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ እትዬ።»

«ለምን? ሰው አይደሉም?»

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጣይባ ሊከፍቱ ሲሄዱ፣ አስካለ በዚያ ጭጋግ ሽምግልና የሚላኩት እነማን ሊሆኑ እንደሚችሉ ታወጣ ታወርድ ነበር።