ሁለተኛው ጀሪካን

ኦዲል ግሮንዳን ጭልፋውን ከሜፕል ዛፎቿ ውሃ ቀድታ በምታፈላው ጣፋጭ ሽሮፕ ውስጥ ነክራ ወደ ላይ አነሣችው። ከጠርዙ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ከወረደ ደርሷል፤ ከተንጠባጠበ ግን ገና ነው። ተንጠባጠበ። እንጨት ልትጨምር ስታጎነብስ ስልኳ ጮኸ።

የሆስፒታሉ ነርስ ማርጆሌን ነበረች።

«ወይዘሮ ግሮንዳን፣ የሽንትዎ ውጤት መጥቷል። ስኳር ተገኝቶበታል።»

«ምን?»

«ብዙ አይደለም። ግን የስኳር በሽታ የሚያሰጋው ሰው ኩላሊት አይለግስም። ኮሚቴው ሐሙስ ሲሰበሰብ ከለጋሾች ዝርዝር ሊያወጣዎት ነው። አዝናለሁ።»

ኦዲል ስልኩን ዘግታ ጭልፋውን ወረወረችው። ወንድሟ ፈርናን የሽሮፑ ማፍያ ምድጃ አጠገብ፣ እንፋሎቱ መሀል ተቀምጦ የበረዶ ፍርፋሪ ይመጥጣል። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏል። በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ደሙን ያጥብለታል፤ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ መጠጣት አይፈቀድለትም። ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ የተስማማው የእሷ ኩላሊት ብቻ ነው። የቀራትም አንድ ምርመራ ነበር፤ የሃያ አራት ሰዓት ሽንቷን አንዲት ጠብታ ሳይቀር በጀሪካን አጠራቅማ ማስረከብ።

ሕፃን የሚችለው ነገር! በመጀመሪያው ሙከራ፣ ከጀመረች ዘጠኝ ሰዓት ያህል እንዳለፈ፣ ከሜፕል ዛፎቹ የሚወርደው ውሃ በረታ፤ በሥራ ተወጥራ ሳለች የሠላሳ ዓመት ልማድ እግሯን ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ወሰደው። የዚያን ጊዜውን ሽንት በረዶው ጠጣው፣ የተጠራቀመውም ከንቱ ሆነ። ሁለተኛውን ሙከራ ግን በደንብ ጨርሳ ነበር። አሁን ደግሞ ስኳር!

«ምን አለችሽ?» አለ ፈርናን።

«ስኳር አለብሽ አለችኝ።»

«ይህን ለማወቅ ሆስፒታል ምን ያደርጋል? ሽርጥሽን ቢልሱት ይበቃቸው ነበር።»

«ቀልድህን ተው፣ ፈርናን! አልቆልሃል እኮ ነው የምልህ!»

ፈርናን ግንባሩን ቋጠረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ኩላሊት ያልጠየቀው ሐኪም አልነበረም።

«ቆይ። የደምሽን ስኳር ለክተውት የለም?»

«ሦስት ጊዜ። ደህና ነው ብለዋል።»

«እንግዲያው ነገሩ አይገጥምም። ኩላሊት እኮ ሲያጣራ መጀመሪያ ሁሉንም ይለቀዋል፤ ውሃውን፣ ጨውን፣ ስኳሩን፣ ቆሻሻውን። ደሙ ውስጥ የሚቀሩት እንደ ደም ሴልና ፕሮቲን ያሉት ትልልቆቹ ብቻ ናቸው። ከዚያ ያ ያሳለፈው በቀጭን ቱቦ ሲወርድ፣ ‹ይህ ያስፈልገኛል፣ ይህም ያስፈልገኛል› እያለ መልሶ ይለቅመዋል። በቀን መቶ ሰማንያ ሊትር ያህል አጣርቶ የሚጥለው ሁለት ሊትር ቢሆን ነው።»

«እኛ ውሃውን አባረን ስኳሩን እናስቀራለን። እሱ ሁለቱንም ይመልሳል በለኛ።»

«ስኳሩንማ ሙልጭ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ደምሽ ውስጥ ካልተትረፈረፈ በቀር አያመልጠውም።»

«ታዲያ ይሄኛው ከየት መጣ?»

ኦዲል ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። መደርደሪያው ላይ ባዶ የሽሮፕ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። በሁለተኛው ሙከራ ቀን ከዛፉ ውሃ በኩባያ በኩባያ ስትጠጣ ውላ፣ የሆስፒታሉ ጀሪካን ገና ሳይመሽ ሞልቶባት ነበር። የተረፈውን...

«ወይኔ አምላኬ!»

«ምነው?»

«ሁለተኛውን ጀሪካን ከዚህ ነው ያነሣሁት።»

«አጥበሽዋል?»

«አለቅልቄዋለሁ!»

«በቀዝቃዛ ውሃ?»

ያለፈው ዓመት ጥቁር ሽሮፕ ሥሩ ላይ እንደ ሙጫ ደርቆ እንደነበር አሁን ትዝ አላት። ፈርናን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ እሷ ግን መሳቅ አቃታት። ወንድሟን ለጥቂት በገዛ ሽሮፗ ልትቀብረው ነበር።

ኦዲል ደውላ ነገሩን ሁሉ ለማርጆሌን ነገረቻት።

«እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ሰኞ ነው። ሁለት ንጹሕ ጀሪካን ከአካባቢያችሁ ክሊኒክ ይውሰዱ። ነገ ጀምረው ረቡዕ ጠዋት ካደረሱልኝ ፋይሉን አስቆየዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቀጠሮው ከሁለት ወር ወዲያ ነው።»

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ሽንት እንደ ደንቡ ደፍታ መነሻ ሰዓቱን ጻፈች። የዓመቱ ትልቁ የሜፕል ውሃ ፍሰት የመጣውም የዚያኑ ዕለት ነው፤ ጋኖቹ ሞልተው ፈሰሱ። እሷም ጭልፋዋን እየጣለች፣ መቶ ሃምሳ እርምጃ በጭቃ እየተንሸራተተች ጀሪካኑ ወዳለበት ቤት ትሮጣለች። ስትመለስ ሽሮፑን አርሮ ታገኘዋለች፤ ትሳደባለች፤ ማፍያውን አጥባ ማፍላት እንደገና ትጀምራለች።

«ሮጥ በይ!» ይላል ፈርናን ከወንበሩ። «ያቺ ጠብታ የኔ ናት!»

«አንድ ቀን ባንተ ቢደርስ!»

«ቢደርስማ እየዘፈንኩ ነበር የምሮጠው።»

ከሸና ሁለት ዓመት ያለፈውን ወንድሟን ትታ ሮጠች።

ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ጀምራ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠች። የመጨረሻው ሽንት ልክ በአንድ ሰዓት መውጣት አለበት፤ ሽንቱ ግን እንቢ አለ። ፈርናን በሩን አንኳኳ።

«መጣ?»

«ስታወራ አይመጣም! ሂድልኝ!»

ኮቴው ራቀ። ቧንቧውን ከፈተች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጠበቀች። መጣ።

ሁለተኛው ጀሪካን ውስጥ ጨምራ ክዳኑን እስኪጮህ አጠበቀችው። ሰዓቱን ጻፈች። ሁለቱንም በረዶ በሞላው ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን አቁማ ዘጋችውና መኪናዋ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ሆስፒታሉ ነዳች።