ፌርማታ ያልሆነችው ማቆሚያ

ዊዳድ ሰይፈዲን ጎረቤት ሥራዋን ሲጠይቃት «ኮምፒውተር» ብላ ትገላገላለች። ዘርዝራ ብትናገርስ ማን ቆሞ ይሰማታል? መኪና ከመሠራቱ በፊት በስሌት እየተነዳ የሚፈተንበት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ የፍሬኑን ክፍል ኮልፌ ተቀምጣ የምትጠብቀው፣ ሰዎች የሚልኩትን ማሻሻያ መርምራ የምትቀበለው ወይም የምትመልሰው እሷ ናት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የለም።

ያንን ክፍል የጻፈችው ከሥራ ባልደረባዋ ከማርቆስ ጋር ነበር። ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከአየር ጤና ኮልፌ በሚኒባስ እየተመላለሱ የታክሲውን ፍጥነትና የሚቆምባቸውን ቦታዎች መዘገቡ፤ ያ መንገድ የሶፍትዌሩ መፈተኛ ሆነ። እሷ ሰው መሀል ድምፅ ማውጣት አይሆንላትም። በሯ ጋ ሲደርሱ «ወራጅ አለ!» የሚለው ሁሌም ማርቆስ ነው፤ አብሯት ይወርድና እስክትገባ ቆሞ ይሄዳል። ዊዳድ ያቺን ደቂቃ ስትጠብቅ ትውል ነበር። ትወደዋለች፤ አልነገረችውም።

ከዚያ አንድ የውጭ መኪና አምራች ምህንድስናውን በራሱ ሰዎች ብቻ ሊሠራ ተነሣና ማርቆስን ቀጥሮ ወሰደው። ስለ ሥራው ለውጭ ሰው ትንፍሽ እንዳይል አስፈረሙት። እሱም ታማኝ ሰው ነውና ከሥራው ወሬ ጋር ሰላምታውንም አብሮ ተወው።

ሰኔ ላይ ስሙን በሶፍትዌሩ ገጽ ላይ ስታየው ልቧ ዘለለ። በኩባንያው ስም ማሻሻያ ልኳል። በእንግሊዝኛ ነው፤ «ለክፍሉ ኃላፊ» ብሎ ይጀምራል እንጂ የእሷ ስም የለበትም። በፈተናው መንገድ ላይ ፌርማታ በሌለበት የተመዘገቡ ማቆሚያዎች ስህተት ስለሆኑ ይሰረዙ ይላል። ከሚሰረዙት የመጀመሪያዋ የእሷ በር ናት።

ረስቶት ይሆናል አለች። አለቃው አጠገቡ ቆሞም ይሆናል። ከሥሩ በአማርኛ «ወራጅ አለ» ብላ ጻፈችለትና ቀኑን ሙሉ ከስክሪኑ ሳትነሣ ዋለች። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ «እባክዎ በእንግሊዝኛ ይጻፉ» ይላል።

አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና የሚገባውን በእንግሊዝኛ ጻፈች፦ እዚህ ተሳፋሪ የሚወርደው ደጁ ላይ ነው፤ ፍሬኑ የሚግለውም በየደጁ ሲቆም ነው። ማቆሚያዎቹን ካጠፋችሁ ቁልቁለት ላይ የጋለው ፍሬን የቀዘቀዘ ይመስላችኋል። ስለዚህ ማሻሻያውን አልቀበልም። ማርቆስ ሳይከራከራት፣ ኩባንያው ከእንግዲህ የራሱን ቅጂ ለብቻው እንደሚይዝና ወደ ገጹ እንደማይመለስ አስታውቆ፣ አመስግኖ ወጣ።

ቅዳሜ ከአየር ጤና ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ላፕቶፑ ጭኗ ላይ ነው። መንገዱ እንደገና መለካት አለበት ብላ ነው ለራሷ የነገረችው። በሯ ሲቃረብ «ወራጅ አለ!» አለች፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጮኻ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የፍጥነት መስመርም ወርዶ ዜሮ ላይ ቆመ።

ወረደች። ቁልፉን በሩ ላይ ካደረገች በኋላ እንደ ልማዷ ዞር ብላ አየች። ታክሲው ሄዷል፤ ከእሷ ጋር የወረደ ሰው አልነበረም።