ለጸሐፊው የተሠራ መነጽር

መነጽሩን ያወቀችው በብሎኗ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጎንበስ ብሎ እጇን ሲጨብጥ፣ በግራ ማጠፊያው ላይ ያለችው ቢጫ ብሎን ዐይኗ ሥር መጣች። የፍሬሙ ብሎን ወድቆ ጠፍቶባት፣ ከአሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት ፈትታ የገጠመቻት ራሷ ናት። መነጽር ቤት ስትሠራ የሸበተች ሴት ደግሞ የእጇን ሥራ አትስትም።

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አላት ፀጉር አስተካካዩ። የባሏ የልብ ወዳጅ ነው። ዐይኑ በልቅሶ ብዛት ቲማቲም መስሏል። «ወዳጅ አይደለም የሞተብኝ፤ ወንድሜ ነው።»

«ሁላችንንም ያጽናን» ብላ ዝም ማለት ነበረባት። ምላሷ ቀደማት። «መነጽርህ ያምራል» አለችው።

አጠገቧ የተቀመጡት ለቀስተኞች ቀና አሉ። ሐዘኑ አዙሯታል በሚል እርስ በርስ ተያዩ። ፀጉር አስተካካዩ ግን ቅር አላለውም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ «የሱ ስጦታ እኮ ነው» አላት። «‹የሰው ጆሮ ቆርጠህ ከምትታሰር ይቺን አድርግ› ብሎ ነው የሰጠኝ። ነፍሱን ይማረው፣ ጨዋታ አዋቂ!»

ሰዎቹ በሐዘን መሃል ፈገግ አሉ። እሷ ብሎኗን እንደገና አየቻት። ያንን መነጽር የሠራችው ለፀጉር አስተካካይ አልነበረም። የሠራችው ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ለሚቀመጥ ጸሐፊ ነበር።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነበር። ሲያገባት ሳይደብቅ «ልጅ አለችኝ» ብሎ ነግሯታል። በስደት ሳለ የወለዳት ናት። እናትየዋ ሞታ፣ ልጅቷ እዚያው ውጭ አገር «እማማ» ከምትላት ከእናቷ አክስት ጋር ቀርታለች። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አምጣት እንጂ» ያለችው ገና ሙሽራ ሳለች ነው። ሥራውንም ያኔውኑ ተካፈሉት፤ ትምህርት ቤቱ የሷ፣ ኢሚግሬሽኑ የሱ።

እሷ ድርሻዋን ተወጥታለች። ለልጅቷ የተያዘው ቦታ እንዳይሰረዝ በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ እየሄደች ታሳድሳለች። ወላጆች ለስብሰባ ሲጠሩም አትቀርም፤ በዚያች የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯን እስኪነካ ተጣጥፋ ትቀመጣለች። «የማን እናት ነዎት?» ሲሏት «ልጄ ገና ልትመጣ ነው» ትላለች። መምህራኑ «የመጪዋ እናት» የሚል ስም አወጡላት። በየእሑዱ ደግሞ ልጅቷን በስልክ ፊደል ታስቆጥራታለች። ዘንድሮ ልጅቷ እየተንተባተበችም ቢሆን ማንበብ ጀምራለች።

እሱም ድርሻውን እየተወጣ ይመስላት ነበር። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ቀለም በነጭ ጋዝ ያስለቅቃል፣ ግራጫ ኮቱን ይለብሳል፣ ዶሴውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይወጣል። ማታ ሲመለስ የጸሐፊውን ወሬ ይዞላት ይመጣል። «ጨፍጋጋው» ብለው ስም አውጥተውለት ነበር። ጨፍጋጋው ዛሬ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የገባው። ጨፍጋጋው ዶሴው ላይ ሻይ ደፋበት። ጨፍጋጋው ጉንፋን ይዞት ማኅተሙ ላይ አስነጠሰ። ባሏ አፍንጫውን አጣሞ ሲያስመስለው ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ስቃ ስትጨርስ ትረግመዋለች። አንድ ቀን «ዐይኑ ደክሟል መሰለኝ፣ ወረቀቱን ከክንዱ አርቆ ነው የሚያነበው» ሲላት፣ ለካስ ሰውዬው ክፉ ሳይሆን ማየት ተስኖት ኖሯል ብላ አዘነችለት። ዕድሜውን ጠይቃ፣ ቁጥሩን ገምታ፣ የሌንሱን ጠርዝ ሞርዳ መነጽር ሠራችለት። ባሏ «ጉቦ እንዳይሉብን» ቢላት «ምጽዋት ነው በላቸው» አለችው። ወስዶ ሰጥቶ መጣ። «ሲያደርገው ፊቱ እንዴት እንደፈካ ብታዪ!» አላት። እሷም ደስታው አላስቀምጥ ብሏት በማግስቱ ለልጅቷ አልጋ አንሶላ ገዛች።

ፀጉር አስተካካዩን «እስቲ አንዴ ና» ብላ ለልጅቷ ወደተዘጋጀው ክፍል ወሰደችው። ሳሎኑ ስለጠበበ የለቀስተኛው ካፖርት ሁሉ አልጋው ላይ ተከምሯል። ግድግዳውን ባሏ ሦስት ጊዜ ቀብቶታል። ልጅቷን በስልክ ቀለም እያስመረጠ፣ ቀብቶ እየጨረሰ፣ «ይሄ እንኳ አላማረኝም» እያለ እንደገና ይጀምራል። እንደሱ ያለ አባት የት ይገኛል እያለች በር ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«በቀጠሮው ቀን አንተ ጋ ነበር የሚውለው?» አለችው።

«ከማለዳ ጀምሮ ነዋ! ኮቱን እንደለበሰ ወንበሬ ላይ ጉብ ይላል። ደንበኛ ሲመጣ ይነሳና ጥጉን ይይዛል። ዳማ እንጫወታለን…» ፊቷን አየና ድምፁ ወረደ። «አውቀሽ የተውሽው መስሎኝ ነበር እኮ።»

«አንድ ቀን እንኳ አልሄደም?»

«አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ እስከ በሩ ሸኘሁት። ሰልፉን ሲያይ ላብ አጠመቀው። ይዤው ተመለስኩ።» መነጽሩን አውልቆ እጁ ላይ ያገላብጠው ጀመር። «ፈርቷት ነው፣ እህቴ። አራት ዓመቷ ሳለ ‹ቀለም ገዝቼ መጣሁ› ብሏት ነው የወጣው። ያኔ እንደወጣ ነው የቀረው። ‹መጥታ የታለ ቀለሙ ብትለኝ ምን እላታለሁ?› ይለኝ ነበር።»

ፀጉር አስተካካዩ ከወጣ በኋላ ካፖርቶቹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተከድታለች። ለዚህ ሌላ ስም የለውም። ሌላ ሴት ብትኖረው ኖሮ ሄዳ ፀጉሯን ትነጭላት ነበር፤ የሌለ ጸሐፊ ፀጉር ግን አይነጭም። እራት እየበሉ አብራው የረገመችው ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ሳቅ ባዶ ላይ የተሳቀ ሳቅ ነው። ከሁሉም ያንገበገባት ደግሞ የምትጮህበት ሰው ማጣቷ ነው። ባሏ ሥራ ላይ ሳለ ከመሰላሉ ወርዶ፣ ብሩሹን አጥቦ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንደተቀመጠ ነው የሞተው። ማንንም ሳያስቸግር። ትናንት ይህንኑ እያነሳች ስትንሰፈሰፍለት ዋለች። አሁን ለአንድ አፍታ ተነስቶ ቢቆምላት አንገቱን ታንቀው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ገባች። የባሏ ታላቅ እህት ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ወጥ ቤቱን ተቆጣጥራ፣ ቡናውን በፔርሙስ እየሞላች ወደ ሳሎን ትሰዳለች።

«እትዬ፣ የልጅቷ ወረቀት ጭራሽ እንዳልገባ ያውቁ ነበር?»

እትዬ የፔርሙሱን ክዳን እስከ መጨረሻው አዙራ ዘጋች። «በምን አፍሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

«እንዴት?»

«እንዴት ትላለች ደግሞ! ‹እሷ በአንዱ በር ስትገባ እኔ በሌላው እወጣለሁ› ስትይው እሱ ምን ያድርግ? ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ ነው ያለቀሰው ወንድሜ። ትዳሬን ላፍርስ ወይስ ልጄን ልተው እያለ። ለሱ ስል ዝም አልኩ እንጂ አንቺንስ…» የቀረውን በሻርፕዋ ጫፍ አፏን ይዛ ዋጠችው።

አሁን ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ጉንጭ የማይነካው የእትዬ አሳሳም፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ እሷ ስትቀመጥ የሚቋረጠው ወሬ። ትናንት እንኳ በኮሪደሩ ስታልፍ «ዛሬማ ታለቅሳለች» የሚል ሹክሹክታ ጆሮዋ ገብቶ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስሏት ነበር። ባሏ ቤት ውስጥ ጨፍጋጋውን ፈጥሮ ሲያስቃት፣ ውጭ ደግሞ እሷኑ ጨፍጋጋ አድርጓት ኖሯል። «ውሸት ነው!» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ሊያመልጣት ሲል «እንግዳ መጣ» ብለው ጠሯት።

የመጣችው የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ናት። እንደ ወጉ አጽናናቻት፣ ቡናዋን ፉት አለች፣ ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች። «በዚህ ሰዓት ማንሳቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ግን ባልነግርዎት ይቆጨኛል። የልጅቷ ማመልከቻ በአባቷ ስም ገብቶ ከሆነ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም።»

«አልገባም» አለች ባለ ሐዘኗ።

መዝጋቢዋ ስኒዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው አዲስ ማስገባት ነው። የሚያስገባው ደግሞ የሥጋ ዘመድ መሆን አለበት። የእንጀራ እናት በሕግ ምንም አይደለችም። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ በዚሁ ሰበብ ብዙ ልጅ ሳይመጣ ሲቀር አይቼ ነው።»

«አክስትስ? የአባቷ እህት?»

«እሷማ ትችላለች። ራሷ ቀርባ ትፈርማለች። ትምህርት ሳይከፈት ማመልከቻው መግባቱን ካሳዩኝ ወንበሯን ለማንም አልሰጥም።»

ልጅቷ ራሷ የደወለችው ከሰዓት በኋላ ነው። ባለ ሐዘኗ ስልኩን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባችና በሩን ዘጋችው።

«እቴቴ፣ እያለቀስሽ ነው?»

«አይ፣ ጉንፋን ነው።»

«እማማ ወሩ ሲያልቅ አረጋውያን ቤት ትገባለች። እኔን ደግሞ ዘመድ የሌላቸው ልጆች ወዳሉበት እንወስድሻለን አሉኝ። ሴትዮዋ ሻንጣሽን አዘጋጂ አለችኝ። ዘመድ አለኝ፣ ሻንጣዬንም ያዘጋጀሁት ወደ እነሱ ልሄድ ነው አልኳት።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «አባዬ ወረቀቱን አስገብቶ ነው የሞተው?»

«በየቀጠሮው ኮቱን ለብሶ ወጥቷል» አለች። ከዚህ የበለጠ እውነት አልነበራትም።

«እና እመጣለሁ?»

«ትመጫለሽ።»

«በሞቴ በይ።»

«በሞትሽ አልምልም። ትመጫለሽ አልኩሽ፣ አበቃ።»

ያን ቀን የመጣውን የሄደውን ሁሉ አንገቷን እየነቀነቀች ተቀበለች፤ ልቧ ግን ወጥ ቤት ነበር። ለእትዬ እውነቱን ብትነግራት ምን እንደሚከተል አይጠፋትም። «አፈሩ ሳይደርቅ የወንድሜን ስም አጠፋች» ብላ፣ ካፖርቷን ከክምሩ መዝዛ ትወጣለች፤ ፊርማውም አብሯት ይወጣል። ፀጉር አስተካካዩን ምስክር ብትጠራስ? እትዬ የምታምነው ጉልበቷ ላይ የፈሰሰውን እንባ ነው። ዓመት ቢኖራት ዓመቱን ሙሉ ተከራክራ ትረታ ነበር። ያላት ጊዜ ግን ልጅቷ የነገረቻት ወር እስኪያልቅ ብቻ ነው።

በማግስቱ ማለዳ፣ ለቀስተኛ ሳይበዛ፣ ወጥ ቤት ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔ ነኝ አትምጣ ያልኩት።»

እትዬ ብርጭቆ ማጠቧን ተወች። ውሃው እየፈሰሰ ነው። «ለምን?» አለች በመጨረሻ። «ምን አደረገችሽ ያቺ አንድ ፍሬ ልጅ?»

«ፈራሁ። የራሴ ልጅ የለኝ። እሷ ስትመጣ እሱ ወደሷ ዞሮ ባዶ እጄን የምቀር መሰለኝ።» ቃላቱ ያለ አንዳች ችግር ወጡ። ለባሏም እንዲህ ይቀለው እንደነበር ገባት። በልቧ ግን አንተ ውሻ ትለዋለች፤ አንተ ውሻ፣ ይሄንንም አስባልከኝ። «ያጠፋሁት ይበቃል፣ እትዬ። ከርስዎ በቀር ሊያመጣት የሚችል የለም። ይፈርሙልኝ።»

እትዬ ቧንቧውን ዘጋች። እጇን በሽርጧ አደረቀች። ከዚያ ድንገት ተንሰቅስቃ አለቀሰችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጉንጯ ጉንጯን ሲነካት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ይቺን ቃል እሱ በሕይወት ሳለ ብትናገሪያት ምን ነበረበት?» አለቻት። «በይ ተይው። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። እሱም ካለበት ይቅር ይበልሽ።»

እሱም ይቅር ይበላት። ሌላውን ሁሉ ችላ ነበር፤ ያቺ ቃል ግን አጥንቷ ድረስ ገባች። ጥርሷን ነክሳ «አሜን» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ባዶ ስኒዎች ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሰምቷል። አፉን ሊከፍት ሲል ዐይኗን ጣለችበት።

«አንተ እንግዳ ተቀበል» አለችው። «እኛ ኢሚግሬሽን ደርሰን እንመጣለን።»

«አሁን? በሐዘን ላይ?» አለች እትዬ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ብሏል።»

እትዬ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ሳበች። ሦስት ቀን ሙሉ በመቆም ብዛት እግሯ አብጦ፣ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏታል። ጎንበስ ለማለት ሞክራ አቃታትና አቃሰተች። ባለ ሐዘኗ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ያበጠውን እግር ጭኗ ላይ አሳርፋ ጫማውን አጠለቀችለት፤ ማሰሪያውንም ይዛ ከለመደው ቀዳዳ አሳልፋ ሳበችው።

«አጠበቅሽው፣ ልጄ» አለች እትዬ።

«ሰልፉ ረጅም ነው» አለቻት ቀና ሳትል፤ ሌላውንም እግር ተቀበለቻት።