የማያም እሾህ

ባየሽ የባሏን ተረከዝ ጉልበቷ ላይ አሳርፋ በመርፌ ስትጭረው ደም ብቻ ወጣ።

"ዛሬም እንቢ አለ?" አለ አምባው በጀርባው እንደተጋደመ።

"አመመህ እንዴ?"

"የት አባቱ! ምንም አይሰማኝም።"

በሰሊጥ አገር ከውስጥ እግር ሥር የጠቆረ ነገር ሁሉ እሾህ ነው፤ በመርፌ ይጫራል፣ አልወጣ ካለም በጋለ ብረት ይተኮሳል። የአምባው ጥቁረት በክረምት ስትጀምር ምስር ታህል ነበር። አሁን ባቄላ አክላ ጠርዟ ተሸራርፏል። እሱ ግን ደክሞታል። ሳምንቱን በወንፈል የሰው ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ ነገ የራሱ ተራ ነው። የሰሊጡ ፍሬ ሊከፈት ደርሷል፤ ከተከፈተ ዘሩ ረግፎ መሬት ይበላዋል።

ባየሽ ብረቱን ከፍም ልታወጣ ስትል የመንግሥት እርሻው ክሊኒክ ድሬሰር አዛናው ደረሰ። ለአጫጆች የወባ ክኒን ሲያድል ውሎ እሱም ዝሏል።

"ተይ እባክሽ፣ እንዳትተኩሺው!" አለና እግሩን ጎንበስ ብሎ አየ። "አያ አምባው፣ እሾህ ቢሆን ያምዎት ነበር። ይኸ ዝም ብሎ ያድጋል፣ መልኩን ይለውጣል፣ ይደማል። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ጎንደር ሐኪም ይየው። ነገ ጧት ትራክተራችን ገንዳ ውሃ ከተማ ይሄዳል፤ ከዚያ የጎንደር መኪና ያገኛሉ።"

"ሰሊጡን ላስገባና እሄዳለሁ።"

"ከዚያ ደግሞ ውቂያ ይመጣል። ሁሉም እንዲህ እያለ ነው የሚዘገየው።"

"ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ" አለች ባየሽ። ስንት ጊዜ በመርፌ እንደወጋችው እያሰበች ብረቱን ከፍሙ አውጥታ ወዲያ አስቀመጠችው።

አምባው ፈርቷል፤ ፍርሃቱም ከአጨዳው ይልቅ አደከመው።

ጧት ጤዛው ሳይረግፍ ወንፈለኞቹ ማጭዳቸውን ይዘው ማሳው ዳር ቆሙ። ባለማሳው የመጀመሪያውን ነዶ ሳያጭድ ማንም እጁን አያነሳም። ትራክተሩ መንገዱ ላይ ያጓራል።

"ና እንጂ አምባው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ!" አለ ጎረቤቱ ፈረደ።

አምባው ሰሊጡን አየው። ማሳውን ጥሎ መሄድ ልጅ ጥሎ የመሄድ ያህል ከበደው። ከዚያ ማጭዱን ለባየሽ ሰጣት።

"ሴት ታስጀምራለች እንዴ?" አለ ፈረደ።

"ዛሬ ታስጀምራለች" አለና አምባው ወደ ትራክተሩ አዘገመ።