ከማዕድ የተከለከለው ኮክ

ቦራም ቴሌቪዥኑን በምን እንደምትፈነክተው እያሰበች ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። የእናቷ ሙት ዓመት ስለሆነ አባቷ ከኮክ እርሻው እስኪመለስ ለመንፈሷ የሚቀርበው ማዕድ ይሰናዳል። አያቷ፣ የአባቷ እናት፣ ደረቁን ዓሣ እየጠረጉ አንድ ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ጥለዋል። አክስቷ ሚጆንግ ደግሞ እግሯን ዘርግታ የራሷን ድራማ ትኮመኩማለች። ደራሲዋ እሷ ናት። በዚህ ክፍል አገር ሁሉ አልቅሷል አሉ።

ድራማው ሰው በጠፈር ስለሚኖርበት፣ ሙታን በዓመት አንድ ቀን በብርሃን መርከብ ቤታቸውን ስለሚጠይቁበት ዘመን ነው። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እናቷ ትወደው የነበረውን ሰማያዊ መብራት በር ላይ ትሰቅላለች። ለካ ያ መብራት መርከብ ያባርራል! እናት ደጅ ድረስ መጥታ ትመለሳለች። ይሄኔ አንዲት አሮጊት ብድግ ብላ «እናትሽን ያባረርሻት አንቺ ነሽ!» ብላ ትጮሃለች።

የቦራም ደም ፈላ። መብራቱ መብራት አይደለም፣ ኮክ ነው። ልጅቷም የጠፈር ልጅ አይደለችም፤ የዚሁ የኮክ አገር የቾንግዶ፣ የዚሁ ሳሎን ልጅ ናት።

እናቷ ኮክ ነፍሷ ነበር። በመጀመሪያው ሙት ዓመት ቦራም በስምንት ዓመቷ ትልቁን መርጣ ማዕዱ መሃል አስቀመጠችላት። ኮክ መንፈስ እንደሚያባርር፣ ለሙት እንደማይቀርብ ማን ነገራት? አገሩ ኮክ በኮክ ሆኖ ለሙት ግን ክልክል! ከዚያ ቀን ወዲህ በየዓመቱ ለእናቷ መንፈስ በሩ ወለል ሲደረግ ቦራም ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች። ያባረሯት ሰው ምን ልትሠራ ትመጣለች?

ይህን የነገረችው ለአክስቷ ብቻ ነው። «ከአፌ አይወጣም» ብላ ምላላት ነበር። እውነቷን ነው፣ ከአፏ አልወጣም። በእጇ ጻፈችው።

«ሆሆይ!» አሉ አያቷ በእጅጌያቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይቺን አሮጊት እሳት ይብላት! ለሕፃን እንዲህ ይባላል?»

ሚጆንግ ሳል ሳል አላት።

«ንገሪያቸው እንጂ፣ አክስቴ» አለች ቦራም። «አሮጊቷን ከየት እንዳመጣሻት ንገሪያቸው።»

«ቦራምዬ፣ ድራማ እኮ ነው። ደግሞ መጨረሻውን እዪ፤ ለልጅቷ ጥፋትሽ አይደለም ይሏታል።»

«ለእሷ! ለእኔስ አንድ ቀን ብለሽኝ ታውቂያለሽ? አገር ሰብስበሽ ስትናገሪ፣ ለእኔ ጸጥ! ሌባ!»

«ኧረ ምላስሽ ይቆረጥ! ለአክስትሽ ነው?» ተቆጡ አያቷ።

«እሳት ይብላት ያሏት አሮጊት እርስዎ ነዎት!»

አያቷ ሳቁ። «እኔ? መቼ መብራት ሰቀልሽ?»

«ኮክ ነበር።»

ዓሣው ከእጃቸው ወደቀ። «እንዲህ ብዬሻለሁ?»

«ቃል በቃል።»

«አ… አላስታውስም።»

እንደዚህች ቃል ያንገበገባት የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሷ ስድስት ዓመት የተሸከመችውን ድንጋይ ወርዋሪዋ ከነመኖሩም ረስተውታል! ተንደርድራ ወጣችና በረንዳው ላይ ከተደረደሩት የአባቷ ሣጥኖች አንዱን ከፍታ፣ ጡጫ የሚያክል ኮክ አምጥታ ማዕዱ ላይ ካለው የእናቷ ፎቶ ፊት ዱብ አደረገችው።

«ያንሱታ! እስቲ ያንሱት!»

አያቷ እጃቸውን ዘረጉ። ቦራም ጥርሷን ነከሰች። እጁ ግን ኮኩን አልፎ አጠገቡ የተደረደሩትን ፖሞች ወደ ዳር ገፋ፣ ቦታ አሰፋለት። ከዚያ አያቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ገና ሰዓቱ ሳይደርስ በሩን ወለል አደረጉት።

«ያን ቀን የጮህኩት እኔ ነኝ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሸሽታም ከሆነ ከእኔ ነው የሸሸችው። ከአንቺ ኮክ አይደለም።»

«ስድስት ዓመት ቆይተው!»

«ስድስት ዓመት ቆይቼ።»

ሚጆንግ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አፏን ልትከፍት ስትል ቦራም ጣቷን ቀሰረችባት። «ይሄንንም ብትጽፊው እጅሽን ነው የምሰብረው!»

ንዴቷ አልበረደም፤ ለማንም ብላ አታበርደውም። እጆቿን አጣምራ፣ አኩርፋ፣ ቁጭ አለች። ፊቷን ግን ወደ በሩ አዙራ ነበር።