ጥቁሯ እጅ

ሚግዳሊያ እንዲህ ትላለች። ታናሽ ወንድሟ አንሴልሞ የሞተ ዕለት እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሕፃኑን ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አበባ መሀል አስተኝተውት፣ አባቷ ብብቷን ይዞ አነሣትና "እጁን ሳሚው" አላት። ስትስመው አንድ ቀዝቃዛ ነገር ከንፈሯን ነካት። በሕፃኑ አንጓ ላይ በቀይ ክር የታሰረች፣ ከጥቁር ድንጋይ የተቀረጸች፣ ጣቶቿን የጨበጠች ትንሽ እጅ ነበረች፤ ለሕፃን ሁሉ የሰው ዓይን እንዳይበላው የምትታሰረው ያቺው እጅ። ስለዚህ እናታቸው ዕድሜ ልኳን በወርቅ አምባሯ ላይ አንጠልጥላት የኖረችው ጥቁር እጅ የአንሴልሞ ናት።

ኤልባ ደግሞ እንዲህ ትላለች። ልደቷ በመጣ ቁጥር እናቷ አምባሩን ጆሮዋ ሥር ታንሿሿና "ይቺ ላንቺ ስትል የተሰነጠቀች ናት" ትላት ነበር። "ገና ድክ ድክ ሳትዪ ትኩሳት ሊወስድሽ ሲል፣ እሷ ተሰነጠቀችና አንቺ ቀረሽልኝ።" ይህን ፀጉሯ እስኪሸብት ድረስ ሰምታዋለች። ስለዚህ ጥቁሯ እጅ የኤልባ ናት።

እናታቸው ዶኛ ፕሩዴንሲያ ከተቀበረች በኋላ የዘጠኙ ቀን ጸሎት አልቋል፤ ጎረቤቶችም ያዋሷቸውን ወንበሮች ወስደዋል። ሁለቱ እህትማማቾች አሮዮ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ባለው የእናታቸው ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትናንሽ የወርቅ ጌጦች የተንጠለጠሉበትን አምባር መሀላቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ባሕሩ ከሁለት መንገድ በታች ይሰማል።

"የየራሳችንን እንውሰድ" አለች ሚግዳሊያ። "እማማም ብትሆን 'ይሄ ያንቺ፣ ይሄ የልጅሽ' ስትል አይደል የኖረችው?"

"እሺ።"

"ደወሉ የሠርጌ ነው። መጽሐፉ የምረቃዬ። አራቱ የሕፃን ጭንቅላቶች የልጆቼ። ትንሿን ቤት ሳን ሁዋን ከተማ ቤት የገዛን ጊዜ ነው ያንጠለጠለቻት።" በጣቷ አንድ በአንድ እየገፋች ለየቻቸው። "እንቁራሪቷን አንቺ ውሰጃት።"

"እንቁራሪቷ የእማማ ናት፤ ለራሷ የገዛቻት። የኔ ጥቁሯ እጅ ናት።"

ሚግዳሊያ ጣቷን ከአምባሩ ላይ አነሣች። "እሷማ ወደ ባሕር ነው የምትሄደው። ከሬሳ ላይ የወጣች ነገር ቤት ውስጥ አትቀመጥም። እማማ ምን ነክቷት እንዳስቀመጠቻት አላውቅም።"

እውነቷን ነው፤ በዚህ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ጥቁር ድንጋይ የሰውን ዓይን ይጠጣል፤ ሲሞላ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ሳይውል ሳያድር ባሕር ይጥሉታል፤ ለሕፃኑም አዲስ ይገዛለታል። የተሰነጠቀ ድንጋይ የሚያስቀምጥ ቤት፣ የጠጣውን ሁሉ አብሮ ያስቀምጣል ይባላል።

"ታዲያ እኔ የታለሁ?" አለች ኤልባ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እዚህ ላይ፣ አምባሩ ላይ። እጇ የአንሴልሞ ከሆነች እኔ የታለሁ?"

ሚግዳሊያ ክፉ ሴት አልነበረችም። መልስ ፈልጋ አምባሩን በጣቷ አዟዙራ አየችው።

እናታቸው ይህን አምባር የሞላችው በብዙ ዓመት ነው። ከልብስ ስፌቷ በምታተርፋት ሳንቲም፣ አንድ ነገር በሆነ ቁጥር ጎረቤት ከተማ ጉዋያማ ድረስ ወርዳ የአንጥረኛውን የዶን ኤሊሴኦን የመስታወት ሣጥን እየቃኘች አንዲት ጌጥ ትመርጣለች። ሌላ ጌጥ አልነበራትም፤ ጉትቻዋ እንኳ የቆርቆሮ ነበር። ግን ቤተ ክርስቲያን ገብታ ስታማትብ የአምባሯ ድምፅ ከጸሎቱ በላይ ይሰማ ነበር። ሲወጡ ሴቶቹ ይከቧታል። "እስቲ አዙሪው፣ ይሄኛው ምንድነው?" ይሏታል። እሷም እጇን እንደ መጽሐፍ ዘርግታ ታነብላቸዋለች፤ ደወሉን፣ ቤቷን፣ ጭንቅላቶቹን። ከነሱ መሀል ከሷ የሚበልጥ ወርቅ ያላቸው ነበሩ፤ የነሱ ግን አይናገርም። አንዷ "ጥቁሯስ?" ካለች አንጓዋን ገልብጣ ወሬ ትቀይራለች።

ጌጦቹ ሁሉ በአንድ ወገን ተጨናንቀው ነው የተሰቀሉት። የሰንሰለቱ ግማሽ ባዶ ነው። ኤልባ ልጅ ሳለች ይህ ባዶ ግማሽ ለሷ የተተወ ቦታ ይመስላት ነበር። እህቷ አግብታ ሄዳለች፤ የሷ ወገን ሞልቷል። የቀረው የኔ ነው ትል ነበር በልቧ። አንድ ጊዜ ኤልባን ብሎ ከሳሊናስ የሚመጣ መካኒክ እሁድ እሁድ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። እናቷም ጉዋያማ ሄዳ ሁለተኛ ደወል በጣቷ አሳይታ "ይቺን አቆይልኝ" ብላ ተመለሰች። መካኒኩ አንድ እሁድ ቀረ፤ የሚቀጥለውም ቀረ። ደወሏ መስታወት ውስጥ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ኤልባ እናቷን ስታጥብ፣ ስታበላ፣ ሌሊት ስታገላብጥ ኖረች፤ ለዚህ የሚሆን ጌጥ ደግሞ አንጥረኛ አይሠራም። ጥቁሯ እጅ ግን ነበረች። ከሁሉም ቀድሞ የተሰቀለችው የኔ ናት እያለች ትጽናና ነበር።

"ዶኛ ሳቱርናን እንጠይቃት" አለች ኤልባ በመጨረሻ። "የክርስትና እናቴ ናት። ጥቁሯን እጅ ለልጅ የምትገዛው የክርስትና እናት አይደለች?"

ዶኛ ሳቱርና የመንገዱ መጨረሻ ላይ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት በሚወዛወዝ ወንበር ላይ ነበረች። ዓይኗ ከፈዘዘ ቆይቷል። የአምባሩን ድምፅ ስትሰማ ወንበሩን በእግሯ አቆመችው።

"ፕሩዴንሲያ?"

"እኔ ነኝ፣ ኤልባ። ይባርኩኝ።"

"እግዚአብሔር ይባርክሽ። አስደነገጥሽኝ እኮ! የቀበርኳት ሴት ልትጎበኘኝ የመጣች መሰለኝ። ያቺኛዋ ማን ናት?"

"ሚግዳሊያ ነኝ፣ ዶኛ ሳቱርና። ይባርኩኝ።"

"ይባርክሽ። የሳን ሁዋን ኑሮ ያወፍራል አሉ፤ እውነት ነው። በረንዳዬ ተንቋቋ።"

"ኧረ ከስቻለሁ! እርስዎ ስለማያዩ ነው።"

"ጆሮዬ ያያል። ተቀመጪ፣ ቀስ ብለሽ ግን።"

ኤልባ አምባሩን በአሮጊቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ሳቱርና በጣቶቿ ደወሉን፣ ጭንቅላቶቹን እየዳሰሰች መጣችና ጥቁሯ እጅ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተቋጠረ።

"የማን ናት?" አለች ኤልባ። "የኔ ናት ወይስ የአንሴልሞ?"

"እናትሽ አስምላኛለች።"

"እናቴ ሞታለች።"

"አውቃለሁ። መሐላ ግን አይሞትም።" ድንጋዩን በአውራ ጣቷ አሸችው። "እኔም ብዙ አልቆይም። ነገሩን ይዤው ብሄድ ደግሞ እሷ እዚያ ትጠብቀኛለች፤ ደግማ ታስምለኛለች። ስሚ። እኔ የገዛሁት አንዲት እጅ ነው፤ ላንቺ። ታመምሽ፣ ድንጋዩ ተሰነጠቀ፣ ዳንሽ። 'ፕሩዴንሲያ፣ ባሕር ጣዪው፣ ሌላ አመጣልሻለሁ' አልኳት። 'እሺ' አለችኝ። የጣለችው መስሎኝ ነበር።"

"አልጣለችውም።"

"ልጇን ያተረፈላትን እንዴት ትጣለው? 'እንደሱ ያለ ብርቱ ድንጋይ የለም' አለችኝ በኋላ። አንሴልሞ ሲወለድ የክርስትና አባቱ ያ ሰካራም ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ዛሬ አመጣለሁ፣ ነገ አመጣለሁ ሲል ቆየ። እሷም ያንቺኑ እጅ አንጥረኛ ዘንድ ወሰደች፤ ስንጥቁ ላይ የወርቅ ቀለበት አሠራችበትና ለልጁ አሰረችለት።"

ሚግዳሊያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ሞልቶ የፈሰሰ እንስራ ነው ያሰረችለት። ያንቺን ትኩሳት የጠጣ ድንጋይ፣ ኤልባ። ለሱ የሚጠጣበት ቦታ አልነበረውም። እንዲያውም... ተይው።"

"ይጨርሱት።"

"እንዲያውም ያንቺን ነው ያፈሰሰበት ብላ ታምን ነበር። እኔ 'ልጅ ይሞታል፣ የድሃ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይሞታል' አልኳት። አልሰማችኝም። ልጁ ከመቀበሩ በፊት አባታችሁ ከእጁ ፈታና ሰጣት፤ ባሕር ድረስ አብሬያት ወረድኩ። ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ገባች። ቆመች፣ ቆመች። ከዚያ እንደያዘችው ወጣች።"

ኤልባ አምባሩን ከአሮጊቷ መዳፍ መልሳ ወሰደችው። ባሕሩ ከበረንዳው ማዶ ዓለቱን ይመታ ነበር።

"ዋሸችኝ ማለት ነው" አለች ኤልባ።

"አልዋሸችሽም። 'ላንቺ ተሰነጠቀች' አለች፤ ተሰነጠቀች። ግማሹን ነገረችሽ። እህትሽ ደግሞ ሌላውን ግማሽ በከንፈሯ ነካችው።"

ኤልባ ያን የልደት ቀን ሁሉ አስታወሰች። እናቷ አምባሩን ስታንሿሿላት ፊቷን አታያትም ነበር። ሁልጊዜ ከትከሻዋ በላይ ወደ መስኮቱ ነበር የምታየው። ኤልባ ይህን የድካም መስሏት ኖራለች።

ሲመለሱ ሚግዳሊያ "አሁን ባሕሩ እዚሁ ነው" አለች፤ ግን ድምፅዋ ቀድሞ እንደነበረው አልነበረም። ኤልባ "ጉዋያማ፣ አንጥረኛው ዘንድ እንሂድ" አለቻት። መኪናዋን ሚግዳሊያ ነዳች። የሸንኮራው ማሳ ግራና ቀኝ ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ አመዱ መስታወቱ ላይ ያርፋል። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተነጋገሩ።

"ኤልባ፣ እኔ አላወቅኩም።"

"ማንም አላወቀም።"

ዶን ኤሊሴኦ ከእናታቸው በጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ ወገቡ የጎበጠ ሰው ነው። አምባሩን ከጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አደረገ።

"ዶኛ ፕሩዴንሲያ ነፍሷን ይማር። ቀብሯ ላይ ልመጣ ነበር፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ልትሸጡት ነው?"

"ልንካፈለው ነው" አለች ሚግዳሊያ።

"መካፈል ይቻላል። ፈትቶ መለየት የኔ ሥራ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ እንዲህ እንደነበረ መልሼ አልሠራውም። የሰቀልኩበትን ቅደም ተከተል የምታውቀው እሷ ነበረች።"

"ለምንድነው ሁሉም በአንድ ወገን የተሰቀሉት?" አለች ኤልባ። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ልትጠይቅ ትፈልግ ነበር። "ያ ግማሽ ለምን ባዶ ቀረ?"

ሽማግሌው ሳቀ። "ስንቴ ተጨቃጨቅን በሱ! 'ዶኛ ፕሩዴንሲያ፣ ሰንሰለቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፣ ይበጠሳል፣ እስቲ እዚህ በኩል ልስቀለው' እላታለሁ። 'አይሆንም፣ ጥቁሯ እጅ አጠገብ' ትለኛለች። ደወሉን ገዛች፣ 'እጇ አጠገብ።' የልጅ ልጆቿን ጭንቅላቶች ገዛች፣ 'እጇ አጠገብ።' ቦታ ሲጠፋ ሌሎቹን እየገፋሁ አስጠጋሁላት። አንድ ቀን ተናድጄ 'ይቺ ጥቁር ምንሽ ናት?' አልኳት። 'ብቻዋን እንዳትሆን ነው' አለችኝ። እኔ እንደ ቀልድ ነው የወሰድኩት።"

ኤልባ ባዶውን የሰንሰለት ግማሽ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የማንም ቦታ አልነበረም። ወርቁ በዚያ በኩል በልብስ ተፍቆ ሳስቷል።

ሚግዳሊያ ቦርሳዋን ዘጋች። "እንተወው" አለች በዝግታ። "አትፍቱት ዶን ኤሊሴኦ። ኤልባ፣ እንዳለ አንቺ ያዢው። የኔ ልጆች በሌላ ያስታውሷታል።"

ኤልባ እህቷን አየቻት። ይህን ትናንት ብትሰማው ኖሮ አልቅሳ ታቅፋት ነበር። አሁን ደወሉን፣ መጽሐፉን፣ አራቱን ጭንቅላቶች አየች፤ እንደ ለቀስተኛ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። በመሀላቸው ጥቁሯ እጅ ወገቧን በወርቅ ታስራ ጨብጣለች። ኤልባ የዳነችው በሷ ነው፤ ወንድሟም የሞተው እሷን አስሮ። የኔ የሚባል ነገር ስትፈልግ ኖራ ያገኘችው ይህንን ነው፤ ልትጥለው ግን እጇ እንደ እናቷ እምቢ አላት።

ዶን ኤሊሴኦ ጉጠቱን ይዞ እየጠበቀ ነው። "እንግዲህ ምን ልሥራላችሁ?"

"የእህቴን ሁሉ ፍቱላት" አለች ኤልባ። "ለልጆቿ ትስጥ፤ የሷ ናቸው። እንቁራሪቷንም ትውሰድ። እጇን ግን ከሰንሰለቱ ላይ አትንኳት፤ ባሕርም አትገባም። ያቺን የወርቅ ቀለበት ብቻ አውልቁላት፤ ስንጥቁ ይታይ። እኔ እጄ ላይ አደርጋታለሁ፣ ብቻዋን አትሆንም፤ የማን ናት ብሎ ለሚጠይቀኝም አንጓዬን አልገለብጥም።"