ዘመድ አልባው የጆሮ ማዳመጫ

«ለመርሳ ከተማና ለሀብሩ ወረዳ ነዋሪዎች በሙሉ፦ በደረሰው ዘረፋ ምክንያት ኅብረተሰባችን ለስድስት ወራት ያህል ያለ ጆሮ ማዳመጫ መቆየቱ በእጅጉ ያሳዘነን መሆኑን እየገለጽን፣ ከዛሬ የካቲት 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለሩጫና ለስፖርት የሚሆኑ ሁለት ዓይነት ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫዎች ከተማችን በሰላም የገቡ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እናበስራለን። ማኔጅመንቱ።»

ማኔጅመንቱ እኔ ነኝ። ፍቅሩ እባላለሁ። ማስታወቂያውን በብስኩት ካርቶን ጀርባ ላይ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት። ሱቄ ሁለት በሦስት ነው፤ ወንበሩ አንድ እግር ጎድሎት በድንጋይ ተደግፏል። በፊዚክስ ዲግሪ አለኝ። ዘራፊዎቹ ከሱቁ ያልወሰዱት እሱን ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ትተውልኝ ሄዱ። ሰዎቹ የገበያውን ሁኔታ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ጋሽ አዳነና ልጃቸው ሩት ነበሩ። ሳያቸው እጄ ሳላዘው ወደ ጠረጴዛው መሳቢያ ሄዶ ቁልፉን ነካው። ተቆልፏል።

ጋሽ አዳነ መካኒክ ናቸው። ከውርጌሳ እስከ ሲሪንቃ ባለው መንገድ ላይ የቆመ አይሱዙ ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ዘንድ ነው።

«ማኔጅመንት ያለው ሱቅ መስሎን ተጠንቅቀን ነው የመጣን» አለች ሩት ካርቶኑን እያየች። «ሁለት ዕቃ ለመሸጥ ነው ይሄ ሁሉ ስብከት?»

«ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው» አልኳት።

«ስድስት ወር ሙሉ ያለ ማዳመጫ በመቆየታችንስ እውነት አልቅሰሃል?»

ጋሽ አዳነ ከካፖርታቸው ኪስ አንዲት ጥቁር ሳጥን አውጥተው መስታወቱ ላይ አስቀመጡ። የእንቁላል ያህል ናት። የማዳመጫ መያዣና ቻርጅ ማድረጊያ ናት። ከፈቷት። ሁለቱም ጉድጓዶች ባዶ ናቸው።

«የልጄ የእስራኤል ናት» አሉኝ። «ከሱሪው ኪስ ነው ያገኘኋት። መብራት ሲመጣ ሰክቼ ሞከርኳት፣ በራች። ፍሬዎቹን ነው የዘረፉት። የሚሠራ ዕቃ አይጣልም፤ ፍሬዎቹን ብቻ ፈልግልኝና ሩት ትሩጥበት።»

ፍሬዎቹ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከጉልበቴ በላይ፣ ከእጃቸው በታች ነበሩ። በእሳቸውና በእነሱ መካከል ያለው አንድ ጣውላና አንድ መስታወት ብቻ ነው።

ያችን ሳጥን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰኔ 2013 መጨረሻ ላይ፣ ለሁለቱ፣ ለአባትና ለልጅ። እስራኤል ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። በየማለዳው ከመርሳ ተነሥቶ ወደ ሲሪንቃ ይሮጣል፤ የእርሻ ምርምሩ በር ጋ ሲደርስ በሩን በመዳፉ መታ አድርጎ ይመለሳል። ዘበኞቹ ሰዓታቸውን በእሱ ይሞሉ ነበር ይባላል። ደሴ ላይ ለአንድ ክለብ ማጣሪያ ሊሮጥ ስሙን አስመዝግቦ ነበር። ባለ ገመዱ ማዳመጫ ደረቱን እየገረፈ፣ በመርሳ ሙቀት በላብ እየተበላሸ ሦስት ጊዜ ስላስቸገረው አባቱ ገመድ አልባ ሊገዙለት ይዘውት መጡ።

«ምንድን ነው ያልከው ስሙን?» አሉ ጋሽ አዳነ። «ዘመድ አልባ?»

«ገመድ አልባ፣ ጋሼ።»

«እኔማ ዕቃም እንደ ሰው ብቻውን ይቀር ጀመር እንዴ ብዬ።»

እስራኤል ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በቤታቸው ስሙ ዘመድ አልባ ሆኖ ቀረ።

ያኔም የነበረኝ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጆሮ ውስጥ አይገባም፤ በማጅራት ዞሮ ከጆሮ ፊት ያለው አጥንት ላይ ያርፋል፣ ድምፁም በአጥንቱ በኩል ይሰማል፣ ጆሮ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሌላው ባለ ጎማው ነው፤ ጆሮን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ጋሽ አዳነ የመጀመሪያውን አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄማ የኔው ካቻቢቴ ነው» አሉ።

ሞተር ሲታመም የሚያደርጉትን መርሳ ሁሉ ያውቃል። የካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ባለው አጥንት ላይ ተክለው ያዳምጣሉ። «ሦስተኛው ሲሊንደር ነው» ይላሉ፤ ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል።

«ይሄንን ውሰድ» አሉት ልጃቸውን። «ጆሮህ ክፍት ይሁን። የምትሮጠው አስፋልት ላይ ነው፤ የሚመጣውን ትሰማለህ።»

«አባዬ፣ እኔን የሰለቸኝ እኮ መስማቱ ነው» አለ እስራኤል።

እውነቱን ነበር። ያን ሰሞን ወታደር የጫነ መኪና ከደሴ በኩል ሲግተለተል ይውላል፣ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ከኋላው ይከተላል፣ በየሻይ ቤቱ ደግሞ ጦሩ የት እንደደረሰ ከጄኔራሎቹ ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ልጁ የፈለገው አንድ ሰዓት ዝምታ ነው።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ዳኛ ሆንኩ። ፊዚክሱን አወጣሁት። ጎማው በሦስት መጠን እንደሚመጣ፣ ላብ እንደማይገባው፣ በሩጫ እንደማይወልቅ፣ የውጪውን ድምፅ እንዴት አፍኖ እንደሚያስቀር አስረዳሁ። አራት ዓመት ተምሬ የሚሰማኝ ሰው ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

«መኪና ቢመጣበትስ?» አሉ ጋሽ አዳነ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞተር አይደለም፤ ልጅ ነው። ዓይን አለው» አልኳቸው።

ሳቁ። «የተማረ ሰው ካለ እሺ» አሉ። ባለ ጎማውን ገዙለት።

በነሐሴ ከተማዋ ተያዘች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ሱቄ በአንድ ከሰዓት ተገለበጠ። እስራኤል አንድ ወር ቤት ተቀመጠ። መስከረም ሲጠባ «ከዚህ በላይ ከተቀመጥኩ እግሬ ይረሳኛል» ብሎ ጀመረ። ስልኩንና ሳጥኗን ጎረቤት ባለ ሶላር ዘንድ ቻርጅ ያደርጋል፤ ስልኩ ውስጥ ያሉትን አሥራ አራት ዘፈኖች እያዞረ ይሰማል። ከከተማው መውጫ ድልድይ ማዶ ኬላ ነበር፤ ሁለት በርሜልና አንድ ገመድ። እሱ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል።

መስከረም ሃያ ሦስት ቀን ማለዳ ኬላው ከድልድዩ ወዲህ ተሻግሮ አደረ። በርሜሎቹ ገና ጥጉ ላይ ነበሩ፣ ገመዱም አልተወጠረም። ጠባቂው ከመንገዱ ዳር፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር።

እትዬ ፋንቱ ቤታቸው እዚያው ነው፤ በር ላይ ሆነው ሰምተዋል። ሦስት ጊዜ «ቁም» ተባለ። ከዚያ አንድ ጥይት።

የእኔም ቤት ከዚያው ሰፈር ነው፤ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። በግንባሩ ነበር የወደቀው። ሳገላብጠው አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። የሚተነፍስ መሰለኝና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዘፈን ነው። ከጆሮው ይወጣል። ሁለቱን ፍሬዎች ነቅዬ ኪሴ ከተትኳቸው።

ጠባቂው አጠገቤ መጥቶ ቆመ። በዕድሜ ከእስራኤል አይበልጥም። መሣሪያው መሬት መሬት ያያል።

«ጠርቼዋለሁ» አለኝ። «ሦስት ጊዜ ጠርቼዋለሁ። ለምን አልቆመም?»

ጎረቤቶች ደርሰው በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ቤቱ ስንወስደው ስልኩ ክንዱ ላይ እንደታሰረ ነበር፤ ስለዚህ ፍሬዎቹ ኪሴ ውስጥ ሳያቋርጡ ዘፈኑ። ወለል ላይ ስናወርደው አንድ ዘፈን አልቆ ሌላ ጀመረ። የማዳመጫው ካርቶን ላይ «ያለማቋረጥ ስድስት ሰዓት» ይላል። ያለ ውሸት የተጻፈ ማስታወቂያ እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

እትዬ ፋንቱ የተናገሩት ይህችን ነው፦ «ሦስት ጊዜ ቁም አሉት፣ አልሰማቸውም።» ሌላ አልጨመሩም። ነገር ግን በአማርኛችን የማይሰማ ሁለት ዓይነት ነው፤ ድምፁ ያልደረሰው አለ፣ ደርሶት እምቢ ያለ አለ። ከተማው ሁለተኛውን መረጠ። እስከ ቀትር «አልሰማችሁም አላቸው» ሆነ። ማታ ላይ «ዞር ብሎ፣ በአባቴ መንገድ ማን ያቆመኛል አላቸው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ንግግሩ ረዝሞ አንድ ገጽ ደረሰ፤ እስራኤል በሕይወቱ ያን ያህል ቃል ባንድ ቀን አውጥቶ አያውቅም። አርባው ላይ፣ ጮክ ብሎ ማልቀስ በማይቻልበት ጊዜ፣ አንዲት አልቃሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

ቁም ቢሉት አልቆመ፣ ቢጠሩት አልሰማ፣
ሮጦ ሮጦ ገባ ከዝምታ ከተማ።

ቤቱ በሙሉ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

በታኅሣሥ ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ነገሩ አደባባይ ወጣ። አሁን የእስራኤል ፎቶ ያለበት፣ ከሥሩ «አልቆምም» የሚል ስቲከር ባጃጅ ላይ ሁሉ ተለጥፏል። ድሮም ለሰው የማይቆሙት ባጃጆች ምክንያት አገኙ።

በዚህ ሁሉ ልስቅ እችል ነበር፤ ሥራዬም ልማዴም ነው። ግን ጋሽ አዳነን አይቻለሁ። ከቀብሩ በኋላ ሦስት ሳምንት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እህል በግድ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት መጥቶ «ልጅዎ እኮ ፊታቸው እምቢ ያለ ነው» አላቸው። ተነሥተው ተቀመጡ። «እምቢ አለ?» አሉ። በማግስቱ ጋራዡን ከፈቱ። ዛሬም ያቆማቸው ያ ነው። ያንን ከወሰድኩባቸው የሚቀራቸው ሌላ ነገር ነው፦ ጆሮህ ክፍት ይሁን ብለው እንደነበር፣ ከዚያም የተማረ ሰው ሰምተው እሺ እንዳሉ።

«ፍሬው ለብቻው አይመጣም፣ ጋሼ» አልኩ። ይህ እውነት ነው። እውነት ያን ቀን ያገለገለችኝ እስከዚህ ድረስ ነው።

«እንግዲያው አዲሱን ስጣት፤ ያንኑ ዘመድ አልባውን» አሉ። «እሱ የመረጠውን።»

ሩት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከገና ወዲህ የወንድሟን መንገድ ትሮጣለች፤ ያንኑ አስፋልት፣ እስከዚያው በር። ኬላው ዛሬም አለ። በርሜሎቹ እነዚያው ናቸው፣ ገመዱም ያው፤ የተቀየሩት ሰዎቹ ናቸው። እነዚህም «ቁም» ይላሉ።

በአጥንት የሚሰማውን አውጥቼ ፊቷ አኖርኩ። «ይሄ ነው የሚሆንሽ።»

«ይሄማ ተገልብጦ የተደረገ የሽማግሌ መነጽር ነው» አለች። «ይቅርብኝ። የእስራኤልን ዓይነት ነው የምፈልገው። ያው እዚያ መስታወት ውስጥ ይታየኛል።»

«ይታያል። አይሸጥም።»

«ማስታወቂያ ለጥፈህ?»

ጋሽ አዳነ ትኩር ብለው አዩኝ። «ያኔ ጆሮ የሚዘጋው ይሻላል ያልከን አንተ አይደለህም? ሞተር አይደለም፣ ልጅ ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን ተለወጠ?»

እሳቸው መካኒክ ናቸው፤ ያልገባቸውን ነገር ሳይፈትሹ አይሄዱም። በአጥንት የሚሰማውን አንሥተው አደረጉ። ሩት ከስልኳ ዘፈን ከፈተችላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጥሪኝ» አሏት።

«አባዬ» አለች።

«ይሰማል።» አወለቁት። ከዚያ እጃቸውን በመስታወቱ ጎን አሳልፈው ባለ ጎማውን ራሳቸው አወጡት። ላስጥላቸው እችል ነበር። እጄ መሳቢያው ላይ እንደነበረ ቀረ። ጎማዎቹን በወፍራም፣ ዘይት በጠጣ ጣታቸው አንድ በአንድ ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። ሩት ዘፈኑን ከፈተች። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጥሪኝ።»

«አባዬ።»

ዝም። ከንፈራቸው በዘፈኑ ልክ በቀስታ ይንቀሳቀሳል።

«አባዬ» አለች ጎላ አድርጋ።

አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ በበሩ አለፈ።

«አባዬ» አለች ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከፊታቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማ።

ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ። ፍሬዎቹን አወጡ። «ጥሪኝ አልኩሽ እኮ» አሉ።

«ጠራሁህ፤ ሦስት ጊዜ።»

ጋሽ አዳነ ፍሬዎቹን በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ። አንዱን ወሰዱና ባዶዋ የእስራኤል ሳጥን ጉድጓድ ላይ አደረጉት። ልክክ አለ። መልሰው አወጡት። ሳጥኗን ዘጉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን መሳቢያው ላይ ወዳረፈው እጄ አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ።

«ፍቅሩ» አሉ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ነው በሚሉበት ድምፅ። «ለምንድን ነው ይሄንን ለልጄ የማትሸጥላት?»

«አልሸጥም፣ ጋሼ» አልኩ። «ለምን እንደሆነም አልናገርም።»